የመናገሻ ደን ሽማግሌ ዛፎችና የጉቶዎቻቸው ታሪክ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ታሪክ በብራናና በወረቀት ላይ ብቻ ተጽፎ የሚገኝ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚሁ አምን ነበር። የነገሥታትን ዜና መዋዕል፣ የጦርነትን ዘመንና የውልን ቀን ካላጠናሁ በስተቀር ታሪክ የተማርሁ አይመስለኝም ነበር። ነገር ግን ሳይናገር የቆመውን ዛፍ፣ ከተቆረጠም በኋላ መሬት ይዞ የቀረውን ጉቶ እንደ ምስክር ጠርቶ መጠየቅ እንደሚቻል በዓይኔ አይቼ ተረዳሁ። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ቈረጥሁ። እንግዲህ የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፣ ስለ መናገሻ ደን፣ በውስጡም ስለሚገኙት ሽማግሌ ዛፎችና ልዩ ልዩ መልክ ስላላቸው ጉቶዎች ያየሁትንና የተማርሁትን እነግራችኋለሁ።

መናገሻ ሱባ ተብሎ የሚጠራው ደን የሚገኘው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት በወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ወጨጫ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ፣ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ግን የበረደ ተራራ ሲሆን፣ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። «መናገሻ» ማለት ንግሥና የሚፈጸምበት ስፍራ ማለት ነው። ከወጨጫ አጠገብ ባለው አነስ ያለ ተራራ ላይ በድሮ ዘመን ነገሥታት ይነግሡበት ነበር ተብሎ ስለሚተረክ፣ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ከተራራው የሚወርዱት ምንጮችና ጅረቶች መጨረሻቸው አዋሽ ነው።

ይህን ደን በበጋ ያየ ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል። በክረምት ወራት ጉሙ ከሸለቆው እየተነሣ ተራራውን ስለሚሸፍነው፣ ሃያ ርምጃ ርቆ የቆመው ዛፍ ሰው ይሁን እንጨት አይለይም። ከጥዶቹ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው አረንጓዴ ሽበት ጉሙን እየጠጣ ይረጥባል፤ ዝናቡ ካባራም በኋላ ጠብታው ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወርድ ይሰማል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው በጉሙ ውስጥ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ጠቆር ያለው ድኩላም በዚህ ደን ውስጥ ይኖራል።

በደኑ ውስጥ ካሉት ዛፎች ዋነኞቹ አራት ናቸው ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ጥድ ነው። የአገራችን ጥድ በዓለም ካሉት የጥድ ዘመዶቹ ሁሉ ረጅሙ ሲሆን፣ ከዐረብ አገር ተራራዎች ጀምሮ እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። እንጨቱ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤተ ክርስቲያን ጣራ፣ ለበርና ለምሰሶ ሲመረጥ ኖሯል። በጎረቤት አገር ለእርሳስ መሥሪያም ሲያገለግል ቆይቷል። ሁለተኛው ዝግባ ነው፤ ሳንቃው ለወንበርና ለጠረጴዛ የተመሰገነ ነው። ሦስተኛው ወይራ ነው፤ ጥንካሬውን ገበሬ፣ የጢሱን መዓዛ ደግሞ የወተት ዕቃ የምታጥን እናት ታውቀዋለች። አራተኛው ከፍ ባለው ስፍራ የሚገኘው ኮሶ ሲሆን፣ አበባው አባቶቻችን ሆዳቸውን ከትል የሚያጠሩበት መድኃኒት ነበረ። ከዚህ በላይ ሲወጡ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታ ብቻ ይቀራል።

አካባቢው የኦሮሞ ሕዝብ የሚኖርበት ስለ ሆነ ዛፎቹ ሁለት ሁለት ስም አላቸው። ዝግባው ቢርቢርሳ፣ ወይራው ኤጀርሳ፣ ኮሶው ሄቶ ይባላል። እነዚህ ስሞች በደኑ ውስጥ ብቻ የቀሩ አይደሉም። በአዲስ አበባ የዛሬው አራዳ ጊዮርጊስ ያለበት ስፍራ ቀድሞ ቢርቢርሳ ይባል ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱበት የሐረርጌው መንደር ደግሞ ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ዛፉ ከጠፋ በኋላ እንኳ ስሙ በመሬቱ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ የቦታ ስምም እንደ ጉቶ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ስለ መናገሻ ደን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ትውፊት ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የሚነገረው ነው። እኒህ ንጉሥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ድረስ የነገሡ፣ መጻሕፍትን በመድረስም የታወቁ ናቸው። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ የወጨጫ ተራራ ተራቍቶ ባዩት ጊዜ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዲተከል አዘዙ። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና አቅጣጫ፣ ገደሉን ተከትሎ የሚገኝ እንደ መናገሻ ጉም የማይለየው ጥንታዊ ደን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የንግሥናቸውን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፉት በደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ወፍ ዋሻም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ንጉሡ ያን ደን ያውቁት ነበር ብሎ ማሰብ ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይሁን እንጂ የታሪክ ተማሪ የሰማውን ሁሉ ሳይመዝን መቀበል አይገባውም። ደኑ ሁሉ ከአንድ ዘር የተተከለ ቢሆን ኖሮ ጥድ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶውና ሌላው ቍጥቋጦ እንደየከፍታው ተራ ይዞ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ የተከላ ሥርዓት አይመስልም። በእኔ አስተያየት ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ተራራው አስቀድሞ የተፈጥሮ ደን ነበረው፤ ከፊሉ በሰው እጅ ተራቍቶ ሳለ ንጉሡ ያን ክፍል ጥድ አስተከሉበት ብንል ትውፊቱም ዛፉም አይዋሹም። ዛሬ ከደኑ ሽማግሌ ጥዶች ውስጥ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው የሚባሉ አሉ። ትውፊቱ እውነት ከሆነ ደግሞ መናገሻ በአፍሪካ ውስጥ በመንግሥት ትእዛዝ ከለሙት ደኖች እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው። እውነት ባይሆን እንኳ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም አባቶቻችን ለአንድ ንጉሥ ምስጋና ሊሰጡት በፈለጉ ጊዜ «ዛፍ ተከለ» ብለው ማመስገናቸው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ከአዲስ አበባ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በመጡ ጊዜ ተራራው የጥድና የወይራ እንጨት ነበረው። ነገር ግን ቤተ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩ፣ ሠራዊቱም ሲሰፍርና ማገዶ ሲያነድ ደኑ ፈጥኖ አለቀ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተቈረቈረች ጊዜም የማገዶው ጥያቄ እየባሰ ሄደ እንጂ አልተቃለለም። በዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት ልማድ እንጨቱ ባለቀ ጊዜ ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ስለ ነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከመናገሻ አልፎ ባለው ስፍራ አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። ዋና ከተማዋ ወደዚያ ተዛውራ ቢሆን ኖሮ የመናገሻ ደን ዕጣ እንደ እንጦጦ በሆነ ነበር።

ይህ እንዳይሆን ካደረጉት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ትውልዱ አውስትራልያ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ማገር ይደርሳል። ከዚህም የሚበልጠው ጠባዩ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ማቈጥቈጡ ነው። ገበሬው አንድ ጊዜ ተክሎ ብዙ ጊዜ ይቆርጣል። አዲስ አበባ በዚህ ዛፍ ተከበበችና በስፍራዋ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ መሬትና ውኃ ይጐዳል የሚል ክስ ብዙ ጊዜ ይቀርብበታል፤ ክሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም ከተማይቱን በአንድ ስፍራ ያቆማት ጉቶው የማይሞት ዛፍ መሆኑን መርሳት አይገባንም።

ባለፈው ክረምት ወደ መናገሻ የሄድሁት ከአያቴ ጋር ነው። አያቴ በወጣትነታቸው፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት ባሉት ዓመታት፣ በአካባቢው በነበረ አንድ መጋዝ ቤት የጕልበት ሠራተኛ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር እኔ ስለ ደን ጭፍጨፋ የሚወቅስ ጽሑፍ አስቀድሜ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። አያቴን የወሰድኋቸውም መንገዱን እንዲያሳዩኝ እንጂ እንዲያስተምሩኝ አልነበረም።

ጥቂት እንደ ወጣን በጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ቆሞ አየሁ። ቀርበን ብናይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የጥድ ጉቶ ነው። ግራጫ ሆኗል፤ ግን አልበሰበሰም፤ በጥፍሬ ብጭረው እንደ አጥንት ጠነከረብኝ። «ጉቶ እንዴት ሰው ያህላል?» ብዬ ብጠይቃቸው አያቴ ሳቁ። «የሽማግሌ ጥድ እግሩ ሸንተረር ይበዛበታል፤ ለሳንቃ አይመችም። ስለዚህ ርብራብ ሠርተን እሱ ላይ ቆመን ከፍ አድርገን እንቆርጠው ነበር» አሉኝ። ከጉቶው ጐን ሁለት ጐድጓዳ ምልክቶች አሳዩኝ፤ የርብራቡ እንጨት የገባባቸው ናቸው። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ መጋዙን ሲስብ፣ ሦስተኛው ሽብልቅ እየመታ መንገድ ሲከፍት አንድ ትልቅ ጥድ ለመጣል ብዙ ሰዓት ይፈጅ እንደ ነበረ ነገሩኝ።

ሁለተኛው ጉቶ ውስጡ ባዶ ነበር። ሦስት ልጆች ገብተው ሊቀመጡበት ይችላሉ። ሦስተኛው ራሱ ላይ አንዲት ቀጭን የወይራ ችግኝ አብቅሎ አየሁ፤ ወፍ ፍሬውን ጥላው ሄዳ መሆን አለበት። ጥዱ በሞተ በብዙ ዓመቱ ለሌላ ዛፍ መሬት ሆኗል። አራተኛው ጉቶ ሳይሆን ቆሞ ያለ ሽማግሌ ጥድ ነበር፤ ግንዱ እንደ ተጠመዘዘ ልብስ ዞሮ፣ ጐኑ ተሰንጥቆ፣ ቅርንጫፉ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ለምልሞ የቆመ ነው። እኔ በአድናቆት ቀና ብዬ እያየሁ «አባባ፣ ይህን እንዴት ሳትቆርጡት ቀራችሁ? አሳዝኗችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አያቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «የለም ልጄ፣ አላሳዘነንም። ይህ ያን ጊዜም ጠማማ ነበረ። በምሣር ጀርባ ስትመታው ሆዱ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ባዶ ነው። ሳንቃ የማይወጣውን ማን ይደክምበታል? እኛ የምንፈልገው ቀጥ ያለውን፣ እንደ ጧፍ የቆመውን ነበር። እሱን ቆረጥነው፤ ጠማማው ቀረ።»

ይህ ንግግር ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አስተማረኝ። የጥድ እንብርት በሽታ እየበላው ባዶ እንደሚያደርገው በሥነ ሕይወት ትምህርት ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን የታሪኩ ቍልፍ እዚያ ላይ መሆኑን አላሰብሁም ነበር። ዛሬ ጐብኚ ሁሉ የሚያደንቃቸው ሽማግሌ ዛፎች አያሌዎቹ መጋዝ ንቆ ያለፋቸው ናቸው። መልካሞቹ ዛፎች ያሉት በጉቶ መልክ ነው። ስለዚህ ቆሞ ያለውን ዛፍ ብቻ አይቶ «የጥንቱ ደን እንዲህ ነበረ» የሚል ሰው ይሳሳታል። የጥንቱን ደን ለማወቅ የሚፈልግ ጉቶውን መቍጠር አለበት።

ከዚያም ከጉቶዎቹ በአንዱ ላይ የዕድሜ ቀለበቶቹን ለመቍጠር ሞከርሁ። ዛፍ በዝናብ ወራት ፈጥኖ፣ በደረቅ ወራት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ በእንጨቱ ውስጥ ክብ ክብ መስመር ይሠራል። በአገራችን ጥድ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዋናው ዝናብ በዓመት አንድ ጊዜ በሚመጣበት ስፍራ ዛፉ በየዓመቱ አንድ ቀለበት እንደሚያበጅ አሳይተዋል። ነገር ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ በሚመጣበት ስፍራ ሐሰተኛ ቀለበት ሊጨምር፣ በድርቅ ዓመት ደግሞ ሊዘል ስለሚችል ቍጥሩ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። እኔ በቢላዋ ጠርጌ ከዳር ወደ ውስጥ 130 ያህል ቈጠርሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንብርቱ ስለ ተበላ መቀጠል አልቻልሁም። ዛፉ በ1963 ዓ.ም. አካባቢ ተቆርጦ ከሆነ፣ የቈጠርሁት ብቻ እስከ 1833 ዓ.ም. ገደማ፣ እስከ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ይወስደናል። የጠፋው እንብርት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። የዓድዋ ጦርነት በሆነበት በ1888 ዓ.ም. ይህ ጥድ ጐልማሳ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ገና ስም ሳይኖራት ጥላ ነበረው።

የጉቶ ምስክርነት ከሰው ወሬ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። በትምህርታችንም በዜናም «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበረ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ጄምስ ማካን የተባሉ የታሪክ ሊቅ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህ ቍጥር በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ መሆኑን አስረድተዋል። ከፍተኛው የሰሜን ምድር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታረሰና ዛፉ የሳሳ ነበር። ይህን ስል ደን አልጠፋም ማለቴ አይደለም፤ የእንጦጦም የመናገሻም ጉቶ ይመሰክራል። ነገር ግን መልካም ነገር ለመስበክ ተብሎ እንኳ ያልተረጋገጠ ቍጥር መጥቀስ አይገባም። እውነተኛው ጥፋት ራሱ በቂ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አያቴን ደፍሬ «አባባ፣ እንደዚያ በመቁረጣችሁ ዛሬ ይጸጽትዎታል?» አልኋቸው። እሳቸውም «በዚያ ደመወዝ አባትህን አስተምሬአለሁ። አባትህ ባይማር አንተ ዛሬ ይህን አትጠይቀኝም ነበር» ሲሉ መለሱልኝ። ጥቂት ሄደው ግን ቆም አሉና «የጸጸተኝ አንድ ነገር ነው፤ በቆረጥነው ምትክ አንድ ስንኳ ተክለን አናውቅም። ትከሉ ያለንም የለም» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም፤ አስቀድሜ ያዘጋጀሁትንም ወቀሳ ተውሁት። ነገሩን ሳስበው የተቀመጥንበት ወንበር፣ የምንጽፍበት ጠረጴዛ፣ የቀደሙን ተማሪዎች የተማሩበት ክፍል ጣራ ሁሉ ከአንድ ደን የመጣ ነው። ዛፉን የቆረጠውን ሰው ብቻ ወቅሶ በሳንቃው ላይ ተቀምጦ መማር ፍርድ አይሆንም። ዕዳው የሁላችን ነው።

ዕዳውንም የሚያከብደው የጥድ ጠባይ ነው። ወይራ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ባሕር ዛፍማ ጨርሶ አይበገርም። ጥድ ግን ከተቆረጠ ጉቶው ሞቷል። እንደ ገና የሚመጣው ወፍ ከምትጥለው ወይም ሰው ከሚተክለው ዘር ብቻ ነው። ችግኙም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ ብርሃንም ስለሚፈልግ፣ ከብት ከረገጠው ወይም ከጋጠው አይጸድቅም። የዛሬው የመናገሻ ደን ጥብቅ ሆኖ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ በዳር በዳሩ ያለው ግጦሽና የማገዶ ለቀማ ለችግኝ ፋታ አይሰጥም። ለአካባቢው ድኻ ቤተሰብ ሌላ ማገዶና ሌላ ገቢ ሳይገኝለት ደኑን በዘበኛ ብቻ ማዳን እንደማይቻል አያቴን አይቼ ተረድቻለሁ። እሳቸውን ወደ መጋዙ የወሰዳቸው ክፋት አልነበረም፤ የልጅ ቀለብ ነው።

እንግዲህ በዚህ የበዓል ዓመት ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በየዓመቱ ብዙ ችግኝ ተክለን ቍጥሩን እናስመዘግባለን፤ ከዚያ በኋላ ስንቱ እንደ ጸደቀ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ጥድ፣ ጥቂት ዝግባና ጥቂት ወይራ ብቻ ይትከል። ስንት እንደ ተተከለ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት እንደ ቆመ በዚሁ መጽሔት ላይ ይጻፍ። እኛ ተመርቀን ብንሄድም የሚከተሉን ክፍሎች ውኃውንና አጥሩን ይረከቡን።

እኔም ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ በአያቴ ደጅ አንዲት የጥድ ችግኝ አለችኝ። የተከልናት ሁለታችን ነን፤ ፍየል እንዳይደርስባት እሾህ ያጠሩላት ግን እሳቸው ናቸው። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ቁመቷ ከጕልበቴ በታች ነው። ለሳንቃ እስክትደርስ እሳቸውም አይቆዩም፤ እኔም የምቆይ አይመስለኝም። ያን ቀን የሚያይ ልጅ ግን ጉቶ ብቻ እንዳልተውንለት ይወቅልን።

ለትምህርት ቤታችን መልካም የምሥረታ በዓል እመኛለሁ።